«እኔ» ከሌለ የሚታከመው ማን ነው?

የቡድሃ ትምህርትና የዘመናችን የሥነ ልቦና ሕክምና በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ ከስልት ጥያቄ አስቀድሞ የሰው ምንነት ጥያቄ ይነሣል። ሕክምናው በአብዛኛው የተጎዳ «እኔነት» እንዲያገግምና ጸንቶ እንዲቆም ይሠራል፤ የቡድሃ ትምህርት ግን «አናታ» በሚለው መሠረተ ሐሳቡ ከአካል፣ ከስሜት፣ ከግንዛቤ፣ ከፈቃድ ዝንባሌና ከንቃተ ኅሊና ተለይቶ ለብቻው የሚኖር፣ የማይለወጥ የ«እኔ» ባለቤት እንደማይገኝ ያስተምራል። እንግዲያው ሐኪሙ የሚያክመው ማንን ነው?

«አናታ» ሰው የለም ማለት አይደለም። ከእርሱ የማይነጠለው «ፓቲቻ ሳሙፓዳ»፣ ማለትም ማንኛውም ነገር የሚገኘው ሌሎች ነገሮችን ተደግፎ ነው የሚለው አስተምህሮ፣ «እኔ» የሚባለውም ከሁኔታዎች መገጣጠም የሚወለድና ሁኔታዎቹ ሲለወጡ አብሮ የሚለወጥ ሂደት መሆኑን ያስረዳል። ከእነዚህ ሁኔታዎች መካከል ቀዳሚዎቹ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ባለቀሰ ቁጥር የተቆጡት ሕፃን ጭንቀቱን መደበቅ ይለምዳል፣ ልማዱም ሲያድግ የተፈጥሮ ጠባዩ መስሎ ይቀራል። በዚህ ዓይን ከታየ «የምወደድ ሰው አይደለሁም» የሚለው እምነት የግንኙነት ውጤት ነው፤ በግንኙነት የተፈጠረውም በግንኙነት ሊላላ ይችላል። ግንኙነትን ማእከል ያደረገው ሕክምና ከቡድሃ ትምህርት ጋር በእውነት የሚስማማው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካዊው ሮን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማዳበር የጀመረው «ሃኮሚ» የተሰኘው ዘዴ ነገሩን በተግባር ያሳያል። ታካሚው በቅድሚያ ወደ ንቁ አስተውሎት፣ በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ወደሚባለው፣ በአሁኑ ቅጽበት የሚሆነውን ሳይፈርዱበት ወደ መከታተል እንዲገባ ይጋበዛል። ከዚያም አካሚው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «እዚህ ማንም አይቸኩልብህም» የሚል፣ በለሰለሰ ድምፅ ይናገርና ሁለቱም የሚከተለውን ይጠብቃሉ። የታካሚው ጉሮሮ ሊታነቅ፣ እንባው ሊመጣ፣ ወይም «ይህስ ውሸት ነው» የሚል ሐሳብ ብልጭ ሊልበት ይችላል፤ የሚፈለገውም ቃሉን ማመኑ ሳይሆን ደግ ቃል ሲነገረው ውስጡ የሚሰጠውን መልስ ማስተዋሉ፣ የቆየውን እምነት በሥራ ላይ እንዳለ ማግኘቱ ነው። ትከሻውን አኮማትሮ ራሱን ሲከላከል ደግሞ አካሚው መከላከያውን ለመስበር አይታገልም፤ በፈቃዱ ትከሻውን ደግፎ ይይዝለታል፣ የመከላከሉንም ድካም ይጋራዋል። እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ በማውራ ሲልስ የዳበረው «ኮር ፕሮሰስ» የተባለው ሕክምናም የአካሚውን የራሱን ንቁ አስተውሎት የሥራው መሠረት ያደርጋል።

ሐሳቡ ለምዕራቡ ሕክምና ፍጹም ባዕድ አልነበረም፤ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1912 ሐኪሙ አንዱን ነገር ለይቶ ሳያሳድድ ለሚሰማው ሁሉ እኩል ትኩረት እንዲሰጥ መክሯል። ዛሬ ይበልጥ የታወቀው ግን አስተውሎትን እንደ ክህሎት የሚያሠለጥነው መንገድ ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ የጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠናና ከእርሱ የተወለደው የድባቴ ሕክምና ፍሬ ማፍራታቸው አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ላይ የማገርሸቱ መጠን ከ66 በመቶ ወደ 37 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ሆኖም ሥልጠናው፣ በቡድን የሚሰጥ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አእምሮ ለብቻው እንዲይዝ ያስተምራል፤ የጉዳቱ ምንጭ ሌላ ሰው በሆነበት ጊዜ ይህ ብቻውን በቂ መስሎ አይታይም።

ግንኙነታዊው መንገድም ከመንፈሳዊ ልምምድ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ የራሱ አደጋ አለው። ጆን ዌልዉድ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ መንፈሳዊ ልምምድን ያልተፈታ ስሜታዊ ቁስልን ለመሸሽ መጠቀም ብዙ ጊዜ እንደሚታይ አስጠንቅቋል፤ ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ጃክ ኢንግለርም በበኩሉ ማንነቱ ገና በወጉ ያልተገነባ ሰው «እኔ የለም» የሚለውን ትምህርት ለባዶነቱ ሽፋን ሊያደርገው እንደሚችል አስረድቷል። ከባድ ሰቆቃ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲመለከት ሰቆቃው ሊያገረሽበት ስለሚችል፣ አካሚው መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። ርኅራኄ የሕክምና ዕውቀትን አይተካም፤ ለረጅም ዓመታት በተመስጦ የተቀመጠ ሰውም በዚህ ብቻ ሌላውን ለማከም ብቁ አይሆንም።