ስለ ተዘጋው ትምህርት ቤትና ስላልተከፈለው ዕዳ

ሰው ተገቢውን ሥራ ሲሠራ በዚያው ሥራ ምክንያት ሌላው ቢጎዳ፣ ሠሪው ለተጎዳው ዕዳ አለበትን ወይስ የለበትም? ይህ ጥያቄ ሊቃውንት በጉባኤ ብቻ የሚነጋገሩበት ይመስላል፤ በዘመናችን ግን የየቤቱ ጥያቄ ሆኖአል። የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወቀ በሦስተኛው ቀን፣ ይኸውም መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተነሡ። በዓለምም ያን ጊዜ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች እንደዚሁ በየቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

እኛ መዝጋቱ ስሕተት ነበረ አንልም። የበሽታው ጠባይ ገና አልታወቀም ነበርና፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጎጆ በሚያድሩበት አገርም ሕፃኑ ከክፍል ይዞት የሚመጣው ደዌ ወደ ሽማግሌው መኝታ ለመድረስ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የዚያን ዓመት ትንሣኤ አብዛኛው ምእመን በቤቱ ሆኖ ሲያከብር እያዘነች ነው እንጂ ደስ ብሎአት አይደለም። በውጭው ዓለም መንገዱ አንድ አልነበረም። ስዊድን የታናናሾቹን ትምህርት ቤት አልዘጋችም፤ ዑጋንዳ ግን ብዙዎቹን ክፍሎች እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. ዘግታ ቆየች። ማን አብልጦ አስተዋለ የሚለውን ክርክር ለሐኪሞች እንተወዋለን።

ሆኖም መዝጋቱ ትክክል ነበረ ማለትና በመዝጋቱ የተጎዳ የለም ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። ስንቁን ይዞ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርደውን የፎገራ ገበሬ እንመልከት። በእርሻ ወራት ታሞ ወርዶ ቢሰነብት የሚነቅፈው የለም፤ ነፍሱን ሊያድን ሄዶአልና። ነገር ግን ሲመለስ መሬቱን ጦሙን አድሮ ያገኘዋል። መሄድህ ተገቢ ስለ ነበረ እርሻህ በራሱ ታርሶአል የሚለው ሰው አይኖርም፤ ደግ ጎረቤት ካለው ግን በደቦ ያርስለታል። የሕፃናቱም ልቡና ጦሙን ያደረ እርሻ ነው።

ጦም ማደሩም ለሁሉ እኩል አልሆነም። ትእዛዙ አንድ ነበረ፤ ሸክሙ ግን ልዩ ልዩ ነበረ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል በተባለ ጊዜ በከተማ ያለው የባለጸጋ ልጅ ጥቂት ተማረ። መብራት በሌለበት ጎጆ ያለው ልጅ ምን ሊያይ ይችላል? ራዲዮስ ቢኖር፣ ራዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ተማሪው ሲስት መልሰህ አንብብ አይለውም። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ለልጅ ሥራ አይታጣም፤ የሩዝ አረም አለ፣ ወፍ መጠበቅ አለ፣ ከብት አለ። ወላጁ ክፉ አሰበ አንልም፤ ነገር ግን ማሳውን የለመደ እጅ ወደ ደብተሩ በቀላሉ አይመለስም። የልጃገረዲቱ ነገር ከዚህ ይከፋል፤ ከትምህርት ቤት ከቀረች 18 ዓመት ሳይሞላት ሽማግሌ ይላክባታልና።

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ሲከፈቱ፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌላው ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተደረገ፤ ለማካካሻም ጥቂት ቀናት ተመደቡ። ሌላ ምን ይደረግ ነበር የሚለን ይኖራል፤ ይህም እውነት ነው። ቢሆንም ያልተማረውን ልጅ ተምሮአል ብሎ ማሳለፍ ያልተከፈለውን ዕዳ ተከፍሎአል ብሎ እንደ መፈረም ነው። በ2012 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ከነበሩት ብዙዎቹ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛን ክፍል ፈተና ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የፈተናው መጥበቅና ጦርነቱ፣ ቀድሞም የነበረው የትምህርቱ ድካም አሉበት። ያ የተዘጋበት ወራት ግን በውስጡ የለም ሊባል አይችልም።

ዕዳው ሲገለበጥ ደግሞ ምን እንደሚመስል ሴራሊዮን አሳይታለች። በኢቦላ በሽታ ምክንያት በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የዘጋቻቸውን ትምህርት ቤቶች በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ስትከፍት፣ የፀነሱ ልጃገረዶች ወደ ክፍላቸው እንዳይመለሱ ከለከለች። ከእነዚህም ብዙዎቹ የፀነሱት ጠባቂ ባጡበት በዚያው በመዘጋቱ ወራት ነበረ። ክልከላው የተነሣው እኛ ትምህርት ቤት በዘጋንበት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። ይህ ሥርዓት ለመጠበቅ ተብሎ ቢደረግም፣ ዕዳውን ከባለዕዳው ላይ አንሥቶ በባለገንዘቡ ላይ መጫን ነበረ።

እንግዲህ ባለዕዳው ማን ነው? በሩን የዘጋው መንግሥት ነውና መንግሥት ይክፈል የሚል ይኖራል። መንግሥትማ ድርሻው ትልቅ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ለማን ተብሎ እንደ ሆነ እናስተውል። በሽታው ይበልጥ የሚያሠጋው ሽማግሌዎችን፣ አሮጊቶችንና ሕመምተኞችን ነበረ፤ እኛ በዕድሜ የገፋነው የተጠበቅነው በልጆቹ ወጪ ነው። በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ መንገደኛውን ያቆሰለው እርሱ አልነበረም፤ ሆኖም ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፣ ለእንግዶች ቤት ጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጥቶ የቀረውን ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ባልበደለው እንዲህ ከታሰረ፣ በሌላው ኪሣራ የተረፈ ሰው እንዴት ነጻ ይሆናል?

ለካህናት ይህ ነገር የሩቅ ነገር አይደለም። ራዲዮ ያልገባበት ቤት የንስሐ አባት ይገባበታል፤ ከልጆቹ ማን ትምህርቱን እንዳቋረጠ፣ ለማንኛዋ ሽማግሌ እንደ ተላከ ከእርሱ ቀድሞ የሚሰማ የለም። ያለ ዕድሜዋ የምትዳረውን ልጅ ጋብቻ አልባርክም ማለትም በእጁ ነው። የማስተማሩም መንገድ በእጃችን አለ። በጉባኤ ቤት የዘለቀው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ ቃሉን ሳያደላድል ወደሚቀጥለው የሚያልፍ የለም፤ መምህሩም እያንዳንዱን ለብቻው ይሰማዋል። ለዚህ ሁሉ ከዛፍ ጥላ በቀር የሚያስፈልግ ብዙ አይደለም። (የቆሎ ተማሪውም እኮ በዚያ ወራት የተቸገረ ነበረ፤ በሽታ የፈራ ሰው በሩን ሲዘጋ ትምህርቱም ቁራሹም አብረው ይዘጉበታልና።) ከ12ኛ ክፍል ወጥተው በየሰፈሩ የተቀመጡ ወጣቶች በየአጥቢያው አሉ፤ ቁጥርና ንባብ ለታናናሾቹ ቢያስቀጽሉ ለራሳቸውም ክለሳ ይሆንላቸዋል።

ይህም ገና ሳይጀመር ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ተዘጉ፤ በበሽታ የቀረበትን ያላገኘው ልጅ በጥይት ምክንያት ሁለተኛ ቀረበት። እንዲህ ያለው ልጅ ቁመቱ ረዝሞ ንባቡ የሁለተኛ ክፍል ሆኖ ይገኛል፤ በሩ ቢከፈትለትም ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ያፍራል፤ ስለዚህ ወደ ሩዙ ማሳ ይመለሳል። በጉባኤ ቤት ግን ጢም ያበቀለ ሰው ከሕፃን አጠገብ ቁጭ ብሎ ፊደል ቢቆጥር የሚስቅበት አልነበረም። ይህን ልጅ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ጥላ ሥር ጠርቶ፣ ከየት እንደ ተቋረጠበት ጠይቆ፣ ከዚያው መጀመር ይቻላል።