ፋይዳ ከማውጣታችሁ በፊት

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው ሰልፉ የት እንደሚያጥር ነው። ቴሌ ይሻላል? ባንክ ይሻላል? እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ስሜን ላስመዝግብ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

የቀበሌ መታወቂያ አስለምዶናል። ስም ቢሳሳት ሌላ ይወጣል፤ ቀበሌ ቢቀየር ሌላ ይወጣል፤ ሁለትና ሦስት ይዞ የሚኖርም ሞልቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ግን እንዲህ አይደለም። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አሻራና የፊት ምስል ይወስድና ቀድሞ ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር አስተያይቶ ነው ባለ 12 አሐዙን ቁጥር የሚሰጠው። በሌላ ስም ተመልሶ የመጣ በገዛ ጣቱ ይጋለጣል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሰነዶቻችሁን አውጥታችሁ አስተያዩ። አገራችን አንድ ሰው በብዙ ስም የሚጠራባት ናት፤ እናት ያወጣችው አለ፣ የክርስትናው አለ፣ አስተማሪ መዝገብ ላይ እንደሰማው የጻፈው አለ። ፀሐይ በልደት ካርዷ በፀሐዩ ፀ ተጽፋ በዲፕሎማዋ በጸሎቱ ጸ ትገኛለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ መሐመድ አንዱ ቦታ መሐሉ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ቦታ በሁለት ኤም ነው። ባንኩ፣ ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው ወደ አንድ ቁጥር ሲሰበሰቡ ይቺ የአንድ ፊደል ልዩነት ሰውን ከመስኮት መስኮት ታንከራትታለች። የተሳሳተውን ሰነድ መጀመሪያ የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ያርመው፤ ከዚያ ተመዝገቡ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ጡረታውን ለማራቅ የቀነሰ አለ፤ ገና ልጅ ሳለች ደላላ ዕድሜ ጨምሮላት ዓረብ አገር የሄደች አለች። በእሷ አልፈርድም። ይሁን እንጂ የሐሰት ዕድሜ ላይ ሌላ ሐሰት መደረብ ይብቃ። በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ብቻውን በቂ ጣጣ ነው፤ ቀኑን ስትናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ።

መዝጋቢዋ ፊት ስትቀመጡ የጻፈችውን ሳታነቡ አትነሡ። ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ የዋለች ሰው ፊደል ብትዘል አይገርምም። ከኋላ የቆመው «ኧረ ቶሎ በሉ!» ቢልም አትፈሩ፤ የአያትን ስም ሳይቀር ፊደል በፊደል አረጋግጡ። ማንበብ የማይችሉ አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ እናንተ አንብቡላቸው። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ እጅ አሻራው ቶሎ አይነበብም፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ጣታቸውን ደጋግመው ማስነሣት ሊኖርባቸው ይችላልና አትቸኩሉባቸው።

ስልክ ቁጥር ስትሰጡ የራሳችሁን ስጡ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው እዚያ ነው። የወንድም ልጅ ቁጥር ካስያዛችሁ ኮዱ ለእሱ ይደርሳል፤ እሱ ሲም ሲቀይር ደግሞ እናንተ ደጅ ትቆማላችሁ። ከፋይዳ ነኝ ብሎ ደውሎ ኮድ ለሚጠይቅ አትስጡ። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ካርድ አሳትማለሁ ሲባል ነውና ሰልፍ ላስቀድምህ ለሚል ደላላ ምንም አትክፈሉ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ከገጠር መጥታ ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ፣ በረንዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ምን ወረቀት አለው? ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት መመዝገብ ይችላል። ለማታውቁት ሰው በገንዘብ አትመስክሩ፤ ለምታውቁት ግን ሥራ ፈታሁ አትበሉ። የልጅቷ መታወቂያ ከወጣ በኋላም «እንዳይጠፋባት» ብላችሁ መሳቢያችሁ ውስጥ አትቆልፉባት፤ የእሷ ነው፣ በእጇ ይሁን።

እናንተ ተመዝግባችሁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ግማሽ ቀን አስፈቅዱና እሷን ይዛችሁ ሂዱ።