የመንገደኛው ዱዓና የገበሬው ዱዓ

የመንገደኛ ዱዓ ከማይመለሱት ሦስት ዱዓዎች አንዱ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዝናብ በሚወርድበት ሰዓት የሚደረግ ዱዓም ተቀባይነቱ ተስፋ የሚጣልበት መሆኑን ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ሁለቱ ለየብቻ ሲነገሩ ምንም ጥያቄ አያስነሱም። ችግሩ የሚመጣው መንገደኛው ዝናብ ውስጥ ሲገባ ነው። መንገደኛው «ያ አላህ፣ ዝናቡን አቁምልኝ» ይላል። ከመንገዱ ዳር ሩዙን የሚያርመው ገበሬ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ «ጨምርልኝ» ብሎ ይለምናል። ለመሆኑ የማንኛቸው ልመና ይሰማል? መንገደኛውስ የሌላውን እንጀራ የሚነካ ዱዓ ማድረጉ ተገቢ ነውን?

ይህን ጥያቄ ከኪታብ አላገኘሁትም። ያጋጠመኝ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ሜዳ፣ በሞተር ብስክሌት ላይ ሳለሁ ነው።

በዶቅዶቄ ረጅም መንገድ መጓዝ በእኛ ዘንድ እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። ሌሎች ግን ልማድ አድርገውታል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 በትራያምፍ ሞተር ተነስቶ ዓለምን ሲዞር አራት ዓመት የፈጀበት ሲሆን በጉዞውም አገራችንን አቋርጧል። እኔና ጓደኛዬ ዓለሙ ቀርቶብን ከባሕር ዳር ጎንደር ለመድረስ ነበር የተነሳነው። የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ካፊያ ነበር፤ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ወረታ ስንደርስ ዶፍ ሆነ። በመኪና ለሚሄድ ሰው ዝናብ ከመስታወት ወዲያ ያለ ትርዒት ነው። ሞተር ላይ ላለ ሰው ግን እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ጠጠር ፊት ትመታለች፤ ከፊት ያለው አይሱዙ የሚረጨው ጭቃ ዓይን ይጋርዳል፤ ጣት ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ይደነዝዛል። ጓደኛዬ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ዝናቡ እንዲቆም ዱዓ ያደርግ ጀመር። ከግራና ከቀኛችን ላስቲክ የደረቡ ወንዶችና ሴቶች በውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሩዛቸውን ያርማሉ። አንዳቸውም ቀና ብለው ሰማዩን አላዩም።

ርብን ተሻግረን አዲስ ዘመንን አልፈን፣ ከጣራ ገዳም ኮረብታ ግርጌ ስንደርስ መቀጠል አልቻልንም። ከመንገዱ ዳር ካለች ቆርቆሮ ቤት አንድ አባት ብቅ ብለው፣ «ግቡ እንጂ ልጆቼ! ሞተሩንም ከጣሪያው ሥር አስጠጉት» አሉን። ክርስቲያን ናቸው። ስማችንን ሲሰሙ ቡና እንዲፈላና ቆሎ እንዲቀርብ አዘዙ እንጂ ሌላ ነገር አላቀረቡም። በዚያ አገር ማን ምን እንደሚበላ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሶላታችንም ንጹህ ሰሌን አነጠፉልን።

«አባባ፣ ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?» አላቸው ጓደኛዬ።

«እግዜር ሲል ነዋ! ምነው ልጄ፣ ጠላኸው እንዴ? ሩዙ እኮ ገና መጠጣቱ ነው» አሉና ጥቂት ቆይተው፣ «ሲበዛ ደግሞ እኛም እንዳንተው እንላለን» ብለው ጨመሩ።

የሰውዬው ሁለተኛ ንግግር ነው ነገሩን የከፈተልኝ። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምቱ ሲበረታ ከአፋቸው አልፈው በሜዳው ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ያ ክረምት በድሬዳዋና በደቡብ ኦሞም የሰው ሕይወት በጎርፍ ያለቀበት ክረምት ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር በደረሰ ቁጥር ታዲያ «ቅጣት ነው» ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎች አይታጡም። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ደረቅ ቤት ውስጥ ተቀምጠው መሆኑ ይገርመኛል። ሌሎች ደግሞ ዝናብ ራሕመት ስለሆነ በእርሱ ላይ ቅሬታ ማሰማት ራሱ ነውር ነው ይላሉ።

ሁለቱንም ወገን የሚያርም አንድ ሐዲስ አለ። አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጁሙዓ ዕለት ኹጥባ እያደረጉ ሳለ አንድ ሰው ገብቶ ከብቱ እንዳለቀና መንገዱ እንደተቋረጠ በመናገር ዝናብ እንዲለምኑላቸው ጠየቃቸው። እርሳቸውም ለመኑ፤ ዝናቡም ሳምንቱን ሙሉ ወረደ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ደግሞ አንድ ሰው መጣና ከብቱ እንዳለቀ፣ መንገዱም እንደተቋረጠ ተናገረ! ልብ በሉ፤ በድርቁም በጎርፉም የቀረበው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ነቢዩ ሰውየውን «የለመንከው ራሕመት መጣልህ፣ አሁን ደግሞ ታማርራለህ?» ብለው አልገሠጹትም። በአንዳንድ ዘገባዎች እንደተወሳው ፈገግ ነው ያሉት። ከዚያም ዝናቡ በዙሪያቸው እንጂ በላያቸው እንዳይሆን ለመኑ። ይቁም አላሉም፤ ቦታውን ነው ያመለከቱት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። «በእኔ ላይ አይሁን፣ በዙሪያዬ ይሁን» ማለት «በጎረቤቴ ላይ ይሁን» ማለት አይደለምን? በፎገራ ሜዳ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እቤት ተጠልለን ሳለን የሰውየው ልጅ ዶማውን ይዞ ወጣና ማሳው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ቦይ ቀዶ ለቀቀው። ቦዩን ወደ ወንዙ ቢመራው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ታችኛው ማሳ ቢመራው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አባትየው ከደጃፉ ቆመው «ወደ ታች እንዳትለቀው!» እያሉ ሲጮሁ ሰምቻለሁ። ተቃውሞው የሚመለሰው ዱዓው በዚያ ስለማያበቃ ነው። ነቢዩ ዝናቡ የት እንዲወርድ እንደሚፈልጉ አንድ በአንድ ጠቅሰዋል፤ ኮረብታዎችን፣ ጉብታዎችን፣ ሸለቆዎችን፣ ዛፍ የሚበቅልባቸውን ቦታዎች። በዝርዝሩ ውስጥ የማንም ሰው ቤት የለም።

እንግዲህ ዝናብ የሚወርድበት ኮረብታና የሚበቅል ዛፍ መኖር አለበት ማለት ነው። ከዚያች ቤት ደጃፍ ቀና ስንል የሚታየው የጣራ ገዳም ደን ነበር። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ሲራቆቱ ይህኛው ወይራውንና ሌላውን አገር በቀል ዛፍ ይዞ የቀረው ገዳሙ ስላስከበረው ነው። ይህን ለመመስከር ሙስሊም መሆኔ አያግደኝም። ደን ላይ የወረደ ዝናብ ወደ አፈሩ ሰርጎ በዝግታ ይወርዳል፤ በተራቆተው ላይ የወረደው አፈሩን ጠርጎ ሜዳው ላይ ይጥለዋል።

ሜዳውም ቢሆን ተለውጧል። ድሮ ክረምት የሚተኛበት ውሃ ከብት ከማርባትና፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ከመዝራት በስተቀር እምብዛም አያሠራም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ሲገባ ግን ያው ውሃ ሀብት ሆነ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ከሰማይ የሚወርደው ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው ሰው የተቀበለበት መንገድ ነው። ስለዚህ የመንገደኛውና የገበሬው ዱዓ የሚጋጨው ሁለቱም ስለ ሰማዩ ብቻ ሲያስቡ ይመስለኛል። መንገደኛው ሊለምን የሚገባው በደህና መድረስንና መጠለያን ነው፤ እኛም ቡና ጋር አግኝተነዋል። ወላሁ አዕለም።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ የከተማ አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሰኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያችንን ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ እናለብሳለን፤ የጣሪያችንን ውሃ በቱቦ ወደ ውጭ እናወጣለን፤ ቱቦው የት እንደሚያበቃ ግን ወጥተን አናይም። ዝናቡ ሲበረታ ሶላታችንን ሰግደን፣ ነቢዩ እንዳደረጉት በዙሪያችን እንጂ በላያችን እንዳይሆን እንለምናለን። ከቁልቁለቱ በታች ያለች ጎረቤታችን በዚያው ሰዓት ከእኛ ግቢ የወረደውን ውሃ በባልዲ ከቤቷ እየጨለፈች ነው። እርሷም ዱዓ ታደርጋለች። የመንገደኛው ዱዓ በተጠቀሰበት በዚያው ሐዲስ ውስጥ የተበደለ ሰው ዱዓም አብሮ ተጠቅሷል።