ዓሣና ካሣ

አንድ ሰው የጎረቤቱን ላም ገደለ እንበል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ "ላም ገድለሃል፣ ላም ክፈል" ይባላል፣ ይከፍላል። ነገሩ አለቀ። ሰውዬው የገደለው ላሟን ሳይሆን ላሞቹ ሁሉ የሚጠጡበትን ምንጭ ቢሆንስ? በየዓመቱ አንድ አንድ ላም እየገዛ ቢያስረክብ ዕዳው ተከፈለ ይባላል?

ይህ ጥያቄ የቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በአይዳሆ ግዛት፣ ክሊርዎተር በሚባል ወንዝ ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከፈል የኖረ ካሣ አለ። የሚከፈለው በዓሣ ነው።

ዓሣው ስቲልሄድ ይባላል። ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ሬይንቦ ትራውት በዘሩ ያው ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሚለያዩት በኑሯቸው ነው። የባሌው ከወንዙ አይወጣም። ስቲልሄድ ግን በወንዝ ተፈልፍሎ ውቅያኖስ ይወርዳል፣ እዚያ አንድ ሁለት ዓመት ይፋፋል፣ ከዚያ ወደ ትውልድ ወንዙ ይመለሳል። ከክሊርዎተር እስከ ፓስፊክ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ስምንት ግድቦች ተደርድረዋል።

እነዚያ ስምንቱ እንኳ ዓሣ የሚወጣበት ደረጃ ተሠርቶላቸዋል። በክሊርዎተር ሰሜናዊ ገባር ላይ የቆመው ድዎርሻክ ግን 219 ሜትር የሚረዝም ግንብ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። በግዝፈቱ የታወቀው የዚያ ገባር ስቲልሄድ እንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ ሁሉ ከግንቡ ጀርባ ቀረ። ግድቡ የተጠናቀቀው በ1973 ነው። ዓሣውን የሚተካው የማራቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1969። ልብ በሉ፤ ካሣው ከጉዳቱ ቀደመ። ጥፋቱን ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ ሒሳቡ ብቻ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ጣቢያው እንቁላል ያስፈለፍላል፣ ግልገሎቹን አንድ ዓመት ያህል ይቀልባል፣ በጸደይ ይለቃል፤ በየዓመቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ። ከአብዛኞቹ ጀርባ ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ ያለችው ትንሽ ክንፍ ቀድማ ትቆረጣለች። አጥማጁ ዓሣ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ክንፏ ከተቆረጠች ዓሣው የጣቢያ ነውና ወደ ምጣድ ይሄዳል። ካለች ግን መልቀቅ ግዴታ ነው። በዚያ አካባቢ የዱሩ ስቲልሄድ ከ1997 ጀምሮ ህልውናው አደጋ ላይ ነው ተብሎ በሕግ የሚጠበቅ ነውና። መንጠቆው ራሱ ጥርስ አልባ እንዲሆን ታዟል።

ስቲልሄድ ወንዙን የሚገባው በመከር ነው። የበረዶውን ወራት በጥልቁ ውኃ አሳልፎ በጸደይ ይራባል። ስለዚህ በወቅቱ ማብቂያ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወንዝ ውስጥ የሚቆመው አጥማጅ የሚይዘው ለመራባት ጥቂት ሳምንት የቀረውን ዓሣ ነው። (ይዞ መልቀቅ የሚባለው ጨዋታ ለእኛ ሰው አይገባም፤ ሳትበላው ለምን ታንገላታዋለህ? ጥያቄው ሞኝነት አይደለም።) በደቡባዊው ገባር ደግሞ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ከነሕይወቱ ውኃ ውስጥ አቆይተው ለጣቢያው ሠራተኞች የሚያስረክቡበት አሠራር አለ፤ ለዘር። ሰው ቀኑን ሙሉ ብርድ የጠጣበትን ምርኮ ለማያውቀው ዓሣ ትውልድ አስረክቦ ባዶ እጁን ሲሄድ፣ ዓሣ ማጥመድ የራስ ወዳዶች መዝናኛ ነው የሚለው ፍርድ ይቸኩላል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ዓሣው አለ፣ አጥማጁ ደስ ብሎታል፣ ኤሌክትሪኩም በርቷል።

እኛ የሐበሻን ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ የምንለየው በጣዕም ነው። እዚህ ግን ነገሩ ከጣዕም ይከፋል። በኦሬገን ግዛት በሁድ ወንዝ ስቲልሄዶች ላይ ተጠንቶ በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ምርምር፣ ዓሣው በጣቢያ በተራባ በእያንዳንዱ ትውልድ በተፈጥሮ ወንዝ ውስጥ የመራባት አቅሙ 40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ገንዳ ውስጥ የሚያዋጣው ጠባይ ወንዝ ውስጥ አያዋጣም። ይህ ዓሣ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ድካሙን ያወርሰዋል። የምትከፈለው ላም የቀሩትን ላሞች ታከሳለች ማለት ነው።

እንደ እኔ ግን ትልቁ ጉዳት ይህም አይደለም። ቆጠራው መሙላቱ ነው። ወንዙ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰው ይጮህ ነበር፤ "ዓሣችን የት ገባ?" ባይ ይነሣ ነበር። በየዓመቱ የሚለቀቁት ሚሊዮኖች ጩኸቱን ቀድመው ያረግቡታል። ባለዕዳው ወለዱን ሳያጓድል ይከፍላል፣ ዋናውን የሚጠይቀው የለም።

ጣቢያዎቹ ይዘጉ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። ምክንያቱም ኔዝ ፐርሶች አሉ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው፤ በ1855 በፈረሙት ውል ሰፊ ምድራቸውን ሲሰጡ በለመዷቸው ሥፍራዎች ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተዋል። ዓሣ በሌለበት ወንዝ የማጥመድ መብት ምን ይሠራል? ጣቢያው ባይኖር ውሉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ደግሞም ጣቢያን ለሌላ ነገር አውለውታል። ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓይነት በ1980ዎቹ ከስኔክ ወንዝና ከገባሩ ከክሊርዎተር ጠፍቶ ነበር። በ1990ዎቹ ከሌላ ወንዝ ያመጡትን ዘር በጣቢያ አራብተው መልቀቅ ጀመሩ፤ በ2014 ኮሆ ለማጥመድ የሚበቃ ሆነ። ጣቢያ ያው ጣቢያ ነው፣ ገንዳውም ያው ገንዳ። አንዱ ግን የተዘጋ ወንዝ ማካካሻ ነው፣ ሌላው ለክፍት ወንዝ የተዘራ ዘር።

ኔዝ ፐርሶች በወለዱ አልረኩም፤ ዋናውን ይጠይቃሉ። ከስምንቱ ግድቦች በስኔክ ወንዝ ላይ ያሉት አራቱ ይፍረሱ ባዮች ናቸው። በ2023 መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት ከእነርሱና ከሌሎች ሦስት ነባር ሕዝቦች፣ ከኦሬገንና ከዋሽንግተን ግዛቶች ጋር አንድ ስምምነት ላይ ደረሰ። ግድቦቹን አያፈርስም፤ ቢፈርሱ ኃይሉና ትራንስፖርቱ በምን እንደሚተካ ማስጠናትን ግን ይጨምር ነበር። በሰኔ 2025 መንግሥት ከስምምነቱ ወጣ። የዚያ ዓመት ግልገሎች በጸደይ ተለቀው፣ በዚያን ጊዜ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወርደው ነበር።