ክፉ መሐላን ስለ መጠበቅ

መግባት የማይገባውን ቃል የገባ ሰው፣ ቃሉን ቢጠብቅ ይበድላል ወይስ ቢያፈርሰው? የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ጥያቄ በሄሮድስ ታሪክ ላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። ንጉሡ በልደቱ ግብዣ ዘፍና ደስ ላሰኘችው ብላቴና የምትለምነውን ሁሉ ሊሰጣት ማለ፤ እርስዋም በእናትዋ ምክር የመጥምቁን የዮሐንስን ራስ በለመነችው ጊዜ፣ ምንም እንኳ ልቡ ቢያዝን፣ አንድም ስለ መሐላው፣ አንድም በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት መኳንንት እንዳይታዘቡት ሲል ጻድቁን አስገደለ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ መስከረም 2 ቀን በምታስበው በዚህ ሞት ውስጥ እጅግ የሚያስደነግጠው፣ ገዳዩ በዚያች ሰዓት ራሱን እንደ ቃሉ የሚያድር ሰው አድርጎ ሊቈጥር መቻሉ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአንጾኪያን ሕዝብ ከመሐላ ልማድ ለማላቀቅ ሲሰብክ፣ ያን ደም የሚያንጠባጥብ ራስ በሐሳባቸው ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ መክሯቸዋል።

ጥያቄው በእኛ ዘመን ገሃድ ከወጣባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ የሃይማኖት ነገር ይገኝበታል ተብሎ የማይገመተው የአሜሪካ ኮሌጆች እግር ኳስ ነው፤ ይኸውም ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የራስ ቍር ደፍተው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። በዚያ አገር የታላላቆቹ ኮሌጆች ቡድን ሰማንያና መቶ ሺህ ተመልካች በሚይዝ ሜዳ ይጫወታል፤ አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት እጅግ የበለጠ ደመወዝ ይቀበላል፤ ተጫዋቹ ግን ተማሪ ነው ተብሎ፣ ከነፃ ትምህርት፣ ከማደሪያና ከቀለብ በቀር ሌላ ዋጋ እንዳይቀበል ለብዙ ዘመን ተከልክሎ ኖሯል። ክልከላውን የሚያስጠብቀው በ1906 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የተቋቋመው ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ሲሆን፣ ሕጉም በሁለት ዐምድ የቆመ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተጫዋችን በገንዘብ አባብሎ እንዳይመለምል፣ በትምህርቱ የደከመም ተማሪ ሜዳ እንዳይገባ።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1911 በዳላስ ከተማ የመሠረተችው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገሩ ከታወቁት ብርቱ ቡድኖች አንዱን ይዞ ነበር። ብርታቱም ከሥልጠና ብቻ የተገኘ አልነበረም። ባለጠጎች የሆኑ ደጋፊዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚወጡ ብላቴኖች በስውር ገንዘብ ይሰጡ ስለ ነበር፣ ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲውን ደጋግሞ ቀጥቶታል። በ1985 ክረምት ለ3 ዓመት በጥብቅ ቍጥጥር ሥር እንዲቆይ ፈረደበት፤ በዚያው ክረምትም፣ በ5 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ከባድ ጥፋት የሚያጠፋ ትምህርት ቤት ከነጭራሹ ከጨዋታ ሊታገድ እንደሚችል የሚደነግግ ሕግ አወጣ። ጋዜጠኞች ይህን ቅጣት የሞት ቅጣት ብለው ጠሩት።

እዚህ ላይ ነው የሄሮድስ ማዕድ የሚዘረጋው። የዩኒቨርሲቲው የበላይ አስተዳዳሪዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣ ቀድሞ የቴክሳስ ገዥ የነበረውና በጥር 1987 እንደ ገና ገዥ የሆነው ቢል ክሌመንትስ ነበር። እርሱና አንዳንድ ባልደረቦቹ ነገሩን መክረው የደረሱበት ውሳኔ፣ ለአዲስ ተጫዋች ከእንግዲህ ገንዘብ ተስፋ አይሰጥ፣ ቀድሞ ተስፋ የተሰጣቸው ግን ትምህርታቸውን ፈጽመው እስኪሄዱ ድረስ ይከፈላቸው የሚል ነበር። በዚህም መሠረት በ1985 እና በ1986 መካከል ባለው የትምህርት ዓመት 13 ተጫዋቾች ከአንድ ደጋፊ በተገኘ ገንዘብ በጠቅላላው ወደ 61,000 ዶላር ያህል ተቀበሉ፤ ለእያንዳንዱም በወር ከ50 እስከ 725 ዶላር ይደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከጥፋቱ እንደ ተመለሰ ለማኅበሩ አረጋግጦ ነበር።

ምስጢሩ የወጣው በኅዳር 1986 ነው። አንድ የቀድሞ ተጫዋች ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲገባ 25,000 ዶላር፣ ከዚያም በየወሩ ገንዘብ እንደ ተቀበለ ለዳላስ ቴሌቪዥን ተናገረ። ጋዜጠኛው ዴል ሃንሰን የስፖርቱን ክፍል ሹም፣ አሠልጣኙንና የምልመላውን ኃላፊ ጎን ለጎን አስቀምጦ በካሜራ ፊት ሲጠይቃቸው፣ ገንዘብ ይዞ ወደ ተጫዋቹ ቤተ ሰብ ተላከ የተባለ አንድ ፖስታ አውጥቶ ለምልመላው ኃላፊ ሰጠው። ሰውዬው ፖስታውን አገላብጦ አይቶ፣ በላዩ ያለው ጽሕፈት የእርሱ እንደሚመስል በመጀመሪያ ተናገረ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያደርሰው ባስተዋለ ጊዜ ቃሉን አጠፈ። ፍርድ ቤት አልነበረም፣ ዳኛም አልተሰየመም፤ ነገር ግን ሕሊና ከአንደበት ቀድሞ ሲመሰክር በዚያ ምስል ላይ ቍልጭ ብሎ ይታያል።

በየካቲት 1987 ማኅበሩ ፍርዱን አወጀ። የ1987 ጨዋታ በሙሉ ተሰረዘ፤ በ1988 በሜዳው እንዳይጫወት ስለ ታገደና ሰው የሚባል ተጫዋችም ስላልቀረለት፣ ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተወው። ቡድኑ በ1989 በለጋ ብላቴኖች ተመልሶ ሲመጣ ሂውስተን 95 ለ21 ረታው፤ ረቺው ሂውስተን ራሱ በዚያን ጊዜ ሕግ በመጣስ በቅጣት ላይ የነበረ መሆኑ ታሪኩን የበለጠ መራራ ያደርገዋል። ያን ቀን የወደቁት ልጆች ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልቀመሱም። ነቢዩ ሕዝቅኤል፣ አባቶች በበሉት ጎምዛዛ ወይን የልጆች ጥርስ ይጠርሳል የሚለው ተረት ከእንግዲህ በእስራኤል እንዳይነገር የተናገረው ለምን እንደ ሆነ የሚያስተውል ሰው፣ በዚህ ፍርድ ሳይቸገር አይቀርም። አሠልጣኙና ሹማምንቱ የውላቸው ገንዘብ ተከፍሏቸው ተሰናበቱ፤ ክሌመንትስም በመጋቢት 1987 ክፍያው እንዲቀጥል መስማማቱን ለሕዝብ ካመነ በኋላ እስከ 1991 ድረስ ገዥነቱን ፈጸመ። የሜቶዲስት ጳጳሳት ግን መርምረው በዚያው ዓመት ዘገባቸውን አወጡ፤ የአስተዳዳሪዎቹም ጉባኤ ፈረሰ። ቤተ ክርስቲያን በገዛ ቤትዋ የተሠራውን በደል በአደባባይ ማንበብዋ፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ንስሐ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ነው።

ለአስተዳዳሪዎቹ ሊባል የሚቻለውን ሳይሉ ማለፍ ግን ርትዕ አይደለም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ምናልባትም የድኻ እናት ልጅ፣ አንድ ባለጠጋ ቤቱ መጥቶ በየወሩ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ ብሎት፣ እርሱም ያን አምኖ ሌሎች የጠሩትን ትምህርት ቤቶች ትቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ በመካከሉ ሕግ ትዝ ብሎናልና አንሰጥህም ማለት ግፍ አይሆንምን? ቃሉን በሰጠው ባለጠጋና ቃሉን በተቀበለው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይጐዳ ዘንድ ግድ ከሆነ፣ ልጁ ባይጐዳ እኔም እወድ ነበር። ይሁን እንጂ አስተዳዳሪዎቹ ክፍያውን ሲያስቀጥሉ ይፈሩት የነበረው የልጁን ጕዳት ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡ የተቋረጠበት ተጫዋች አፉን እንዳይከፍት ይሠጉ ነበር፤ ኋላም የሆነው ይኸው ሆነ። ሄሮድስ መሐላውን የጠበቀው ለብላቴናዪቱ አዝኖ እንዳልሆነ ሁሉ፣ እነዚህም ቃላቸውን የጠበቁት በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠውን ተመልካች ፈርተው ነው። ከዚህም በላይ፣ ለልጁ የገቡትን ቃል ሲጠብቁ ለማኅበሩ የገቡትን ቃል አፈረሱ፤ ስለዚህ ቃል አክባሪነት የሚሉት ነገር በሁለት ቃሎች መካከል የሚመቸውን መምረጥ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛ መንገድ ነበረ። ሄሮድስ በማዕዱ ፊት ቆሞ፣ የማይገባ መሐላ ምያለሁ፣ ኃፍረቱ የእኔ ይሁን ሊል ይችል ነበር፤ አስተዳዳሪዎቹም ሁሉን ገልጠው ለማኅበሩ ተናግረው፣ ልጆቹን ከነፃ ትምህርታቸው ሳያፈናቅሉ፣ ቅጣቱን ራሳቸው ተሸክመው ከሥልጣን ሊወርዱ ይችሉ ነበር። ክፉ ቃልን የሚያፈርስ ሰው ዋጋውን ከገዛ ክብሩ የከፈለ እንደ ሆነ ከዳተኛ አይባልም። ከሌላ ሰው ደም ወይም ከሌላ ሰው የጨዋታ ዘመን ሲከፍል ግን፣ ቢጠብቀውም ቢያፈርሰውም ያው በደለኛ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ኮሌጆቹ ለተጫዋቹ ሁለት ቃል ይገቡለት ነበር፤ አንዱ በስውር የሚሰጠውና የተከለከለው የገንዘብ ቃል፣ ሁለተኛው በአደባባይ በፊርማ የሚሰጠውና የተፈቀደው የትምህርት ቃል ነው። የተከለከለው ቃል እንደ ቅዱስ ኪዳን ሲጠበቅ፣ የተፈቀደው በየስፍራው ያለ አንዳች ድንጋጤ ይፈርስ ነበር። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጃን ኬምፕ የተባለች የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ፈተና የወደቁ ተጫዋቾች እንዲጫወቱ ሲባል በሹማምንት ትእዛዝ ማለፋቸውን ስለ ተቃወመች ከሥራዋ ተባረረች፤ በ1986 ክስዋን ስትረታ፣ የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ያቀረበው መከላከያ፣ ልጁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልናደርገው ባንችል እንኳ ማንበብና መጻፍ ካስተማርነው ቆሻሻ ጫኝ ከመሆን ይልቅ በፖስታ ቤት ሥራ ሊያገኝ ይችላል የሚል ነበር። ይህ የተነገረው በፍርድ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲው ጥብቅና ነው። በ1989 ደግሞ የዋሽንግተን ባለሙያ ቡድን ዝነኛ ተጫዋች ዴክስተር ማንሊ በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት ሲጫወት ማንበብ አይችል እንደ ነበር እያለቀሰ መሰከረ። ማንበብ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በዋሽንግተን በሚገኝ በሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ማኅበሩ ለዚህ የሰጠው መልስ በተማሪው ላይ የሚጠብቅ ሕግ ነበር። በ1983 የጸደቀውና በ1986 ሥራ ላይ የዋለው ድንጋጌ፣ በአገር አቀፉ የመግቢያ ፈተና ከ1,600 ነጥብ 700 ያላገኘ አዲስ ገቢ በመጀመሪያ ዓመቱ እንዳይጫወት ከለከለ፤ የተከለከሉትም በብዛት ጥቍር ተማሪዎች ስለ ነበሩ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ክርክሩን እዚህ አልዘረዝረውም። የማስተውለው ግን፣ ሕጉ ልጁን በሩ ላይ አቁሞ ምን ታውቃለህ ብሎ ሲጠይቀው፣ በ4 ዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱን አቁሞ ምን አስተማርኸው ብሎ የሚጠይቅ ያን ጊዜ አለመኖሩን ነው። ቈይቶ በመጣው ሕግ ትምህርት ቤትም የሚመዘንበት ሥርዓት ቢወጣም፣ ጕድለቱ እንዳልተሞላ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ታየ። በዚያ ለ18 ዓመት ያህል፣ መምህር የማይገባባቸው፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚቀርብባቸው ትምህርቶች ሲሰጡ ቈይተው፣ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንዳለፉባቸው፣ ከእነዚያም ወደ እኩሌታ የሚጠጉት ስፖርተኞች እንደ ነበሩ በ2014 የወጣ ምርመራ ገለጠ። ማኅበሩ በ2017 ጉዳዩን አይቶ፣ ትምህርቶቹ ለተማሪ ሁሉ ክፍት ስለ ነበሩ ሕግ ተጥሷል ለማለት አልችልም አለ። በዳላስ ለ13 ልጆች የተከፈለ 61,000 ዶላር ቡድን ሲያስቀብር፣ ለሺሆች የተሰጠ ባዶ ትምህርት ከማኅበሩ ቅጣት አላገኘም።

አሁን ገንዘቡ ተፈቅዷል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል፤ ከ2025 ጀምሮም በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ፣ ለስፖርተኞቻቸው እንዲያካፍሉ ተፈቅዷል። የዳላሱ ስውር ፖስታ ዛሬ በደረሰኝ ይሰጣል። እኔ ፈራጅ ብሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜም ቢሆን ከባዱን ቀኖና የምጥለው ልጅን ሳያስተምር ባሳለፈው ላይ ነበር፤ ገንዘብ የሰጠው ከሕግ አንዱን ጣሰ፣ ፊደል የነሣው ግን ልጁን ራሱን ነሣው።

በዳላስና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ይህን ጨዋታ እየተጫወቱ ያድጋሉ። መልማይ ቤታችሁ የገባ ቀን፣ ቡና አፍልታችሁ በክብር ተቀበሉት፤ ስለ ገንዘቡ እርሱ ራሱ ስለሚነግራችሁ ብዙ አትድከሙ። ማኅበሩ በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ በየስፖርቱ ስንት ተጫዋች እንደ ተመረቀ ያወጣልና፣ ያን ቍጥር አስቀድማችሁ አይታችሁ ጠብቁት፤ ካልተመረቁትም መካከል ስለ ሁለትና ሦስቱ ዛሬ የት እንዳሉ ጠይቁት።