ከአልጋው አጠገብ ያላችሁ



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል በተለያየ ቃል ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ አለ። «ኡስታዝ፣ አያቴን ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የምናደርገው ነገር የለም ብለው ወደ ቤት መለሷት። ምን ልቅራላት?» የአንዱ አባቱ ነው፣ የአንዷ የዶርም ጓደኛዋ ናት። ጠያቂዎቹ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሰው ነፍሱ ስትወጣ አይተው ስለማያውቁ ፈርተዋል። ቢፈሩም አይፈረድባቸውም። መድረሳ ውስጥ ጀናዛ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንደሚከፈንና እንደሚሰገድበት በደንብ እንማራለን። ከዚያ በፊት ስላሉት ሳምንታት፣ ሰውየው ገና እየሰማና እያየ ስለሚያሳልፋቸው ቀናት ግን የምንማረው ጥቂት ነው። የዛሬው ስለነዚያ ቀናት ነው።

የሕክምናው ዓለምም ቢሆን በዘመናችን ነገሩን በቅጡ ያሰበበት ዘግይቶ ነው። ሲሲሊ ሳውንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት፣ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነች ሴት፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። ሆስፒስ ማለት መዳን የማይጠበቅለትን ሰው ሕመሙን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው መንከባከብ ነው። እሷ አጥብቃ ያስተማረችው ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ነው። አካል ያማል፣ ሐሳብ ያማል፣ ልጆቼ ምን ይውጣቸዋል የሚለው ያማል፣ ከፈጣሪዬ ጋር እንዴት ነኝ የሚለውም ያማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን ከመቶ 14ቱ ብቻ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚያርፈው እቤቱ ነው። ስለዚህ ሆስፒሱ የናንተው ሳሎን ነው፤ አስታማሚውም አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ምን ልቅራላት?» ከመቅራትሽ በፊት አዳምጫት።

ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በመሰናበቻው ሐጅ ዓመት መካ ላይ በጠና ታመመ። የሚሞት መሰለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቁት ሲገቡ ሰዕድ ያነሳባቸው ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ሀብት እንዳለው፣ የምትወርሰውም አንዲት ልጁ ብቻ እንደሆነች ነግሯቸው ሁለት ሦስተኛውን ሰደቃ ሊያደርግ ፈለገ። ከለከሉት። ግማሹንስ አላቸው፤ አሁንም ከለከሉት። ሲሶውን ሲል ፈቀዱለት፣ እሱም ብዙ እንደሆነ ነግረውት። ልብ በሉ፣ «ክፉ አታውራ፣ ምንም አትሆንም» ብለው ወሬውን አልዘጉበትም። ስለ ሞቱ ሊያወራ ፈለገ፣ አብረውት አወሩ። በአንዱ ዘገባ እንደመጣው ደግሞ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው፣ ፊቱንና ሆዱን ዳብሰው ዱዓ አደረጉለት። ሰዕድ ከዚያ ሕመም ተነሳ፤ ቃዲሲያ ላይ ጦር እስኪመራ ድረስ ቆየ። ስለ ሞት ማውራት ሞትን አይጠራም።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤተሰብ የምርመራውን ውጤት ከታማሚው ይደብቃል። ታማሚው ማወቁን ከቤተሰቡ ይደብቃል። ሁሉም ፈገግ እያለ ጁስ ያቀርባል። በመሐል ያልተከፈለ ብድር፣ የሰው አማና፣ ከወንድም ጋር የቆየ ኩርፊያ፣ ሳይነገር አፈር ይገባል። አንድ ቀን ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቡ ተቀመጥና «አባዬ፣ ልብህ ላይ ያለ ነገር አለ?» በለው። ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይረዝማል፣ አትሙላው።

ከወንድሞች ጋር ሆነን የምንዘይረው አንድ ሆስፒታል አለ። እዚያ ከወሎ የመጡ አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር፤ ካንሰር ነው። ነርሷ ሕመሙ በመድኃኒት ጋብ ማለቱን፣ እሳቸው ግን ከሰው ጋር ማውራት ማቆማቸውን ነገረችን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። «አባቴ፣ ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው። ብዙ ቆይተው «ልጄ፣ ሶላት ካቆምኩ አስራ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ይኼን የሽንት ቱቦ ታቅፌ፣ በነጃሳ ላይ ተኝቼ፣ ጌታዬ ፊት ምኑን እቆማለሁ?» አሉ። ቀኖቹን ቆጥረዋቸዋል። ያንን ሁሉ ቀን ሐኪምም ቤተሰብም እኚህ ሰው የሚያሰቃያቸው ሆዳቸው ብቻ ይመስለው ነበር።

መልሱ ማንኛውም የመድረሳ ተማሪ የሚያውቀው ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ይዞት ስለ ሶላቱ በጠየቀ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አስተምረውታል። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል፤ እጁ አልታዘዝ ካለው ሌላ ሰው ያደርግለታል። ወደ ቂብላ የሚያዞረው ካጣ ባለበት ይሰግዳል። ሩኩዕና ሱጁዱ በጭንቅላት ምልክት ነው። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርንም ለታማሚ የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ።

ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጃቸው ወጥቶ ንጹሕ አፈር በሳህን ይዞ መጣ። የዚያን ቀን ዐስርን በጭንቅላታቸው እያመለከቱ ሰገዱ። ካሰላመቱ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አልመለሱትም፤ ልጁን ስለ ከብቶቹ ይጠይቁት ጀመር። ለእኔ መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚባለው ይኼ ነው። አንዳንዴ ረጅም ዳዕዋ አይደለም፤ አንዲት የፊቅህ መስአላ ናት፣ በሰዓቷ የደረሰች።

የሞርፊንም ጥያቄ ይመጣል። «የሚያሰክር አይደል እንዴ?» ብለው ሕመሙን ጥርስ ነክሰው የሚችሉ አሉ። በሐኪም ትእዛዝ፣ ሕመምን ለማስታገስ በልኩ ሲሰጥ የዘመናችን ዑለማዎች ለችግር ፈቅደውታል። ዕድሜን ለማሳጠር ከሆነ ሐራም ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕመም ወንጀል ያብሳል ማለት ታማሚውን አታክሙ ማለት አይደለም፤ በሰው አባት ሥቃይ ላይ ቆሞ ይህን የሚሰብክ ሰው ካጋጠማችሁ በአደብ ወደ ሳሎን ሸኙት።

የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ሲቀርቡስ? ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) አስታውሱ፤ ያ በአንድ ወቅት ሙሃጂሮቹን ሊያስመልስ የቁረይሽ መልእክተኛ ሆኖ እዚህ ነጃሺ ዘንድ የመጣው። ሊሞት ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ረጅም ለቅሶ አለቀሰ። ልጁ ዐብዱላህ ያደረገው ምንድን ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያበሰሩትን ብሥራት አንድ በአንድ እየጠቀሰ አስታወሰው። ስለ ቅጣት አልነገረውም። ዐምርም ከዚያ ፊቱን መለሰና ሕይወቱን ከነጥፋቱ ከነተውበቱ ተረከ። ሰው ወደ አላህ ሲቃረብ በጌታው ላይ መልካም ጥርጣሬ እንዲኖረው ታዘናል። ስለዚህ ለእናትህ የሰገደችውን ተራዊሕ፣ ያሳደገቻቸውን የቲሞች፣ ለጎረቤት የላከችውን ሳህን አንሳላት።

ተልቂን ሱና ነው፣ ግን በለሆሳስ። ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ (ረሒመሁላህ) በ181 ዓመተ ሒጅራ ሲያርፉ አጠገባቸው የነበረ ሰው ላ ኢላሃ ኢለላህ እንዲሉ ደጋግሞ ወተወታቸው። አንዴ ካልኩት ሌላ ነገር እስካልተናገርኩ ድረስ በዚያው ላይ ነኝ ብለው መለሱለት። ከሞት ጋር የሚታገልን ሰው «በል! በል!» ማለት ማስጨነቅ ነው። አንተው በጆሮው አጠገብ ቀስ ብለህ በለው፤ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ይበቃል። ያሲን መቅራት ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። የምትከተሉትን ተከተሉ፣ ክርክሩን ግን አልጋው ጋ አታምጡት።

ከጀናዛው በኋላ ያለውን በአንድ ቤት ላሳያችሁ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሐበሻ ምድር ዓመታት ኖሮ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሙዕታ ላይ ሸሂድ ሆነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ባለቤቱ አስማእ ቤት ሄዱ። እዚሁ ሐበሻ የተወለዱትን ልጆች አስጠርተው ወደ ራሳቸው አስጠግተው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸው እንባ አፈሰሰ። «አታልቅሺ፣ ኢማንሽ የት አለ?» የሚል ሰው ይህን ይስማ። የተከለከለው ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት፣ ልብስ መቅደድ ነው፤ እንባው ግን ረሕመት ነው። ከዚያ ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፣ የደረሰባቸው ነገር ፋታ አይሰጣቸውምና። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛዋ በብድር በሬ አሳርዳ እኛን የምታበላበት ለቅሶ ቤት አለ፤ ይኼ ከሱናው የተገለበጠ ነው።

ሦስት ቀን ቆይተው ተመለሱ። ፀጉር ቆራጭ አስጠርተው የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። አንዱ አያቱን አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ሌላው ራሳቸውን እንደሚመስል ነገሯቸው። እናታቸው የቲምነታቸውን ስታነሳ፣ በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እሳቸው እንደሆኑ አረጋገጡላት። ፀጉር ማስላጨት! ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ስለ ልጆቹ ፀጉር የሚያስብ ሰው ነው ያ ቤት የሚያስፈልገው።

በስልካችሁ ውስጥ ከአንድ ወር በፊት «አላህ ያጽናሽ» ብላችሁ የጻፋችሁላት እህት አለች። ከዚያ ወዲህ አልደወላችሁም። ዛሬ ከዐስር በኋላ ደውሉላት፤ ልጆቹን ቁርኣን ቤት የሚያደርስላት ሰው እንዳላት ጠይቋት።