ስለ ዕለት ዕለት ምስጋና

በአገራችን ሁለት ሰዎች በጧት ሲገናኙ አንዱ «እንደምን አደሩ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው ስለ ሰውየው ነበር፤ መልሱ ግን ስለ እግዚአብሔር ሆነ። ራሱን የሚያመው ቢሆን፥ ልጁ የታመመበት ቢሆን፥ ከብቱ የጠፋበትም ቢሆን አስቀድሞ ይህን ቃል ሳይናገር ወደ ችግሩ አይገባም። ይህን ሥርዓት ያቆሙልን አባቶችና እናቶች አብዛኞቹ ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ከብዙ መጽሐፍ የሚገኘውን ትምህርት በአንዲት የሰላምታ ቃል ውስጥ አኑረውልን ሄዱ። የቀረብን ሥራ ቃሉን ከአፍ ወደ ልብ ማውረድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ልማድ የሆነ ቃል ሁሉ እንደ አሮጌ ሳንቲም መልኩ እየጠፋ ይሄዳልና።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ታላላቅ በዓላት ምስጋና አንናገርም፤ ለእርሱስ ማሕሌቱና ከበሮው አለለት። የምንናገረው ማንም ስለማያየው፥ በውኃ መቅጃ፥ በገበያ፥ በእርሻና በማዕድ አጠገብ ስለሚገባው ምስጋና ነው። ምሳሌውንም ከባሌ ደጋ፥ ከሮቤና ከጎባ አካባቢ ኑሮ እንወስዳለን።

አስቀድሞ ግን ምሥጢሩን ከሥሩ እንመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሴዋን ዋና ክፍል አኰቴተ ቍርባን ትለዋለች፤ አኰቴት ማለትም ምስጋና ማለት ነው። ጽርዓውያንም ይህንኑ ምሥጢር በቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም ትርጓሜው ምስጋና ነው። ጌታ ምሥጢረ ቍርባንን በመሠረተባት ሌሊት እንጀራውን አንሥቶ እንዳመሰገነ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሲጽፍ፥ ሌሊቲቱ አልፎ የተሰጠባት ሌሊት እንደ ነበረች ጨምሮ ይነግረናል (1 ቆሮ. 11፥23-24)። በዚህ ሁለት ነገር እናስተውላለን። የተመሰገነበት ነገር በየቤቱ የሚገኝ እንጀራ ነው፤ የተመሰገነበትም ጊዜ የደስታ ጊዜ አይደለም። እንግዲህ «የማመሰግንበት ታላቅ ነገር አላገኘሁም» የሚል፥ «ጊዜዬ ክፉ ነውና ምስጋናዬን አቆየዋለሁ» የሚልም ሁለቱም ከዚህች ማዕድ ፊት ምክንያት አያገኙም።

በቅዳሴው መጀመሪያ ክፍል የሚደርሰውን የቅዱስ ባስልዮስን የምስጋና ጸሎት የሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። ካህኑ የሚያመሰግነው ባሕር ስለ ተከፈለ፥ ሙት ስለ ተነሣ አይደለም፤ ስለ ተጠበቅን፥ ስለ ተረዳን፥ እስከዚህች ሰዓትም ስለ ደረስን ነው። ይህች ሰዓት የተባለችው የትኛዋ ናት? አንድም ቅዳሴው የሚቀደስባት ሰዓት ናት፤ አንድም ሰው ሁሉ ቆሞ የሚገኝባት ማንኛዪቱም ሰዓት ናት። ከምእመናኑ መካከል ትናንት ሬሳ የቀበረ ይኖራል፤ ዕዳ ያስጨነቀው ይኖራል፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ሳምንታችን እንዴት እንዳለፈ ጠይቃ አመስግኑ አላለችንም። ደርሰናልና፥ መድረሳችን ይበቃል።

ወደ ባሌ እንሂድ። በሲናናና በአካባቢው ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። አንዱ አዝመራ ገና ይባላል፤ ስሙ ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም፥ በኦሮምኛ ክረምት ማለት ነው። በመጋቢት ወር ግድም ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳል። ሁለተኛው ቦና ይባላል፥ ትርጓሜውም በጋ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በበጋው ወራት ይሰበሰባል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሁለቱም የተሰየሙት በተዘሩበት ጊዜ ሳይሆን በሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። ሰው አዝመራውን በድካሙ መጀመሪያ ሳይሆን በተቀበለበት ወራት ስም ሲጠራ ከማመስገን ምን ያህል ይርቃል?

ይህ የአዝመራ ነገር በባሌ ለሚያገለግል ካህን ሌላ ትምህርት አለው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 ቀን ጀምራ ስለ ዘርና ስለ ደመና ትዘምራለች። በሌላው ደጋ ያን ጊዜ ገበሬው እየዘራ ዝናም ይለምናል። በባሌ ግን በአንዱ ማሳ ገብሱ እየነጣ ነው፥ ሌላው ማሳ ለዘር እየታረሰ ነው። ስለዚህ ዲያቆኑ ስለ ዝናም «ጸልዩ» ሲል ያው ሰው በአንድ አፍ «ዝናሙን አምጣልኝ» እና «ዝናሙን አቁምልኝ» ሊል ይፈልጋል! ይህን በፈገግታ እንናገረው እንጂ ምሥጢር አለበት፤ ልመናና ምስጋና በየተራ የሚመጡ ሳይሆኑ ባንድ ቀን ባንድ ደጅ አብረው የሚያድሩ እንደ ሆኑ ያስረዳልና።

ሁለት ጊዜ የሚያመርት አገር ግን የራሱ ፈተና አለበት። ሙሴ ለእስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ የሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ስለ ረኃብ አልነበረም፤ ስለ ጥጋብ ነበር። በበሉና በጠገቡ ጊዜ፥ መልካም ቤትም በሠሩ ጊዜ፥ ከብታቸውም በበዛ ጊዜ የሰጣቸውን አምላክ እንዳይረሱ አስጠነቀቃቸው (ዘዳ. 8)። የተራበ ሰው ሳይወድ በግድ ወደ ላይ ያያል፤ የጠገበ ግን ወደ ጎተራው ያያል።

በቀድሞው ሥርዓት እህል በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። በመንገድ የሚያልፈውም «ይበርክት» ሳይል አያልፍም፤ ምርቱ ሳይገባ ለድኻው፥ ለካህኑ፥ ለእንግዳውም ይሰፈር ነበር። ያ ሁሉ ቀን ሰው እህሉን የሚያይበት፥ እህሉን የሰጠውንም የሚያስብበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በባሌና በአርሲ የስንዴ አገር ኮምባይነር የሚባለው መኪና ይመጣል፤ ያጭዳል፥ ይወቃል፥ በጥቂት ሰዓት ጆንያ ሞልቶ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። መኪናውን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ የሴቶችንና የልጆችን ድካም ያቀለለ፥ እህሉንም ድንገተኛ ዝናም ሳያገኘው የሚያስገባ ነውና እርሱ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ቀድሞ የምስጋናው ጊዜ ከሥራው ጋር ተሰፍቶ ነበር፤ አሁን ሥራው ሲያጥር ምስጋናው አብሮ ተቈረጠ። ስለዚህ ባለቤቱ መኪናው ወደ ማሳው ሳይገባ ባርኔጣውን አውልቆ፥ ልጆቹን ጠርቶ፥ አባታችን ሆይ ደግሞ ቢያስጀምር፤ በኵራቱንም ጆንያው ሳይታሰር ቢለይ፥ የጠፋውን ጊዜ መልሶ አገኘው ማለት ነው። የመኪናው ኪራይ በሰዓት ቢታሰብ እንኳ አባታችን ሆይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ውኃም እንደዚሁ ነው። በጎባ ቶጎና፥ በሮቤ በኩል ሻያ ይወርዳሉ፤ ሰውም ይቀዳል፥ ከብቱን ያጠጣል። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ መንገዱ ወደ ሳነቴ ይወጣል፤ በዚያ ከፍታው 4,000 ሜትር የሚሆን ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከመካከሉም የቱሉ ዲምቱ ራስ እስከ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከቀይ ቀበሮና ከፍልፈል በቀር የሚኖርበት ጥቂት ነው። ከዚያ ምድረ በዳ ከሚመስል ቦታ ግን ወይብና ሌሎች ወንዞች ይወርዳሉ፤ ወደ ገናሌና ወደ ዋቤ ሸበሌ ገብተውም እስከ ሶማሊያ ድረስ የማናውቀውን ሕዝብ ያጠጣሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ሲመዘገብ ዓለም ያከበረው አውሬውንና ዕፁን ነው፤ ክርስቲያን ግን በማሰሮው ውስጥ ያለውንም ሊጨምርበት ይገባዋል። እንስራዋን አዝላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት «ተመስገን» ብትል ያንን ተራራ ሁሉ አመሰገነችበት። በምስጋና የጠጣ ሰውም ምንጩን የሚያደርቀውን ቃጠሎና ምንጣሮ እያየ ዝም ሊል አይችልም።

ስለ ዐሥሩ ለምጻሞች የተጻፈውን ሁላችን እናውቀዋለን (ሉቃ. 17፥11-19)። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን የነጹት በመንገድ ሲሄዱ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ለማመስገን የፈለገው ሰው የሄደውን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ምስጋና የእግር ድካም አለው። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታሞ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው ይህን መንገድ በጭንቀት ይሄደዋል፤ ከዳነ በኋላ ግን ሌሊት የጠበቀችውን አስታማሚ «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት የሚመለስ ከዐሥር አንድ ይገኝ ይሆን?

ደግሞም የተመለሰው ሳምራዊ ነበር፤ ከቤተ እስራኤል የተቈጠረ አልነበረም። ይህን ቃል በሮቤ ገበያ ቆሞ ማሰብ ይጠቅማል። በዚያ አንዱ ስለ ጤናው ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሌላው «ገለታ ረቢ» ይላል፤ ሌላው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። እምነታችንን እናውቃለን፥ ልዩነቱንም አንሸሽግም። ነገር ግን ጎረቤታችን በቀን ብዙ ጊዜ ፈጣሪውን ሲያመሰግን እየሰማን፥ ሥጋውንና ደሙን የተቀበልን እኛ ቀኑን በማጕረምረም ብንውል፥ ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ» ብሎ የጠየቀው ስለ ማን እንደ ሆነ እንጠንቀቅ።

«እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን ካነሣን ጥቂት እንቈይበት፤ ይህ ቃል እየቀረ ነውና። ዛሬ በከተማ «አመሰግናለሁ» ይባላል፤ ነውር የለበትም፥ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ግን «እኔ ልመልስልህ አልችልም፥ በእኔ ፈንታ እርሱ ይመልስልህ» ብሎ መጸለዩ ነው። ሰጪውም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይመልሳል፤ ሰጪ ነኝ ብሎ አልተኰራም፥ እርሱም ከተቀባዩ ጋር እጁን ዘረጋ። በሁለቱ መካከል የነበረው የባለጠጋና የድኻ ልዩነት በዚህች መልስ ጠፋ። ይህን ለልጆቻችን ካላስተማርናቸው ከአንድ ቃል የሚበልጥ ነገር እናጠፋባቸዋለን።

ስለ ቡና መናገርም ግድ ነው። ቀድሞ አባቶች ቡናን ይነቅፉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዛሬ ግን በካህኑም ቤት ይፈላል፥ በዚህ ላይ አንከራከርም። በሐረና ደን ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው የበቀለው ቡና ወደ ጎባ መጥቶ ይቈላል፤ ሦስተኛውም ስኒ በረካ ይባላል፥ በረከት ማለት ነው። ስኒው በረከት ተብሎ እየተጠራ በዙሪያው ሐሜት ከተቀመጠ ግን ስሙን ሐሰት አደረግነው። ሽማግሌው ሲመርቅ ሌላው «አሜን» የሚልበት ጥንታዊ ሥርዓት በየቤቱ ይጠበቅ፤ ከሦስቱ ስኒ አንዱን ለእግዚአብሔር መተው ብዙ አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. መከር ቢጫ ዋግ በባሌና በአርሲ፥ በሌላውም የስንዴ አገር ወርዶ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ አጠፋ። ብዙ ገበሬ ዲጋሉ ወደተባለው ሌላ ዘር ዞረ፥ ቢጫውን ዋግ ይችል ነበርና። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና በተለይ ያንኑ ዲጋሉን መታው። ያመለጠ የመሰለው ሰው ሁለተኛ ተያዘ። እንዲህ ያለ ገበሬ ወደ ነፍስ አባቱ መጥቶ «አባቴ፥ በየትኛው እህል ላመስግን?» ቢል ምን ይመለስለታል?

«ስለ ዋጉ አመስግን» አይባልም። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ እግዚአብሔርን ባረከ እንጂ አመዱን እህል ነው አላለም፤ ቍስሉንም እየፋቀ አለቀሰ፥ ልቅሶውም ኃጢአት ሆኖ አልተቈጠረበትም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ በሁሉ እንዲያመሰግኑ አዘዘ (1 ተሰ. 5፥18)፤ በነገሩ ውስጥ ሆኖ ማመስገን ክፉውን መልካም ብሎ ከመጥራት ይለያል። ሰው ማሳው ጠፍቶበት ሳለ ሚስቱንና ልጆቹን፥ የቆመበትን ምድር፥ ገና ያልተዘጋበትን የመጋቢት ዝናም ቈጥሮ «እስከዚህ አድርሰኸኛል» ሊል ይችላል። ይህን እንዲል ግን አናስገድደው፤ በሰው ኀዘን ላይ የሚጫን የምስጋና ስብከት እንደ ኢዮብ ወዳጆች ንግግር ነው፥ እነርሱም እንደ ተገሠጹ እናውቃለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ድኾች መዋጮ ሲጽፍ ይህ አገልግሎት የቅዱሳንን ጕድለት ከመሙላት ዐልፎ ለእግዚአብሔር በሚቀርብ ምስጋና እንደሚበዛ አስረዳቸው (2 ቆሮ. 9፥12)። እንግዲህ በተመታው ገበሬ አፍ ምስጋና እንዲገኝ የሚፈልግ ካህን ጎተራው ወዳልተነካው ምእመን ይሂድ። የሰንበቴውና የማኅበሩ አባላት በየወሩ ከሚያዘጋጁት ጠላና ዳቦ አስቀድመው ዘር ያዋጡ፤ ለጎረቤቱ ሙስሊም ቢሆንም እንኳ ያበድሩ፤ ወለድ አይጠይቁ፤ ስፍሩም ሲሰጥ የሞላ ይሁን፥ ሲመለስ ግን ልክ ይሁን። የቦና አዝመራ የጠፋበት ሰው ለገና የሚዘራው ዘር የመጋቢት ዝናም ሳይጥል በእጁ መግባት አለበት።